ጠባብ ቤት፣ ያገለገለ ዕቃ እና የምንጠብቀው ልጅ

 

በአምስተርዳም፣ በሮተርዳምና በዴንሃግ የሚኖሩ ወጣት ባለትዳሮች ልጅ ሲጠብቁ ደጋግመው የሚያነሷቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉ። የመጀመሪያው በግልጽ የሚጠየቅ ነው፦ አንድ መኝታ ቤትና አንድ ሳሎን ብቻ ባለው ቤት ልጁን የት እናስተኛዋለን? ሁለተኛው ግን ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው የሚጠየቀው፦ ለበኩር ልጃችን ሌላ ሰው የተጠቀመበትን አልጋና ልብስ ብናመጣ ነውር አይሆንብንም ወይ? የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ብዙዎች ከሚያስቡት ይልቅ ቀላል ነው። ጉዳት የሚደርሰው በሁለተኛው ላይ ነው። በይሉኝታ ምክንያት አዲስ ጋሪ፣ አዲስ አልጋና አዲስ ቁምሳጥን በዱቤ የገዛ ቤተሰብ ልጁን በዕዳ ይቀበለዋል፤ ብዙ ጊዜም ወለድ ባለበት ዕዳ። በሌላ በኩል ደግሞ ዋጋው መርከሱን ብቻ አይቶ፣ ከሰው እጅ መገዛት የሌለበትን ዕቃ ለልጁ የሚያመጣ አለ። ሁለቱም ልጁን ይጎዳሉ።

ስለ ቤት ጥበት ስንነጋገር ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የኖሩበትን ክፍል እናስታውስ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፈችው፣ እርሳቸው ሌሊት ሲሰግዱ እርሷ ከፊታቸው ተጋድማ እግሯ ሱጁድ በሚያደርጉበት ቦታ ላይ ይሆን ነበር። ሱጁድ ሊወርዱ ሲሉ ነካ ያደርጓታል፣ እግሯን ትሰበስባለች፤ ሲነሱ መልሳ ትዘረጋለች። ዘገባው በቡኻሪና በሙስሊም ውስጥ ይገኛል። አንዱ ሲሰግድ ሌላው እግሩን መሰብሰብ የሚኖርበት ክፍል ነበር ማለት ነው። ልጃቸው ፋጢማ (ረ.ዐ.) ዓሊን (ረ.ዐ.) ስታገባ ያዘጋጁላት ዕቃም በሐዲስ ተቆጥሮ ተቀምጧል፦ አንድ ወፍራም ልብስ፣ አንድ ከቆዳ የተሠራ የውሃ መያዣ፣ ኢዝኺር በሚባል ሣር የተሞላ አንድ ትራስ። ይህን የምናነሳው ችግርን ለማሞገስ አይደለም፤ ሰፊ ቤት የአላህ ጸጋ ነው። ግን ጠባብ ቤት ውስጥ ልጅ መቀበል የሚያሳፍር ነገር እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ የሚፈልግ ካለ ይገርማል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። የኔዘርላንድ የሕፃናት ጤና ባለሙያዎች የሚሰጡት ምክር፣ አዲስ የተወለደ ልጅ ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ከወላጆቹ ጋር በአንድ ክፍል፣ በራሱ አልጋ ይተኛ የሚል ነው። ስለዚህ በመጽሔትና በማስታወቂያ የምናየው፣ ግድግዳው ቀለም ተቀብቶ ለብቻው የተዘጋጀ "የሕፃን ክፍል" ለእነዚያ ወራት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ከአልጋችሁ ጎን የሕፃኑን አልጋ የሚይዝ ቦታ ነው። የሚከብደን "በራሱ አልጋ" የሚለው ነው፤ በአገራችን ልጅ በእናቱ እቅፍ ነው የሚያድገው። ሆኖም በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕፃን በአዋቂ አልጋ፣ በለስላሳ ፍራሽና በወፍራም ብርድ ልብስ መካከል ሲተኛ የመታፈን አደጋ ስላለ፣ አጥብታችሁ ስትጨርሱ ወደ ራሱ አልጋ መመለስን ልማድ አድርጉት። አልጋው አጠገባችሁ ከሆነ የእጅ መዘርጋት ያህል ነው።

"ሰፊ ቤት እስክናገኝ" እያሉ ዝግጅቱን ማቆየትም አያዋጣም። በአምስተርዳም የማኅበራዊ ኪራይ ቤት ለማግኘት ከ10 ዓመት በላይ መጠበቅ የተለመደ ነው። በሮተርዳም አካባቢ በወንኔት ራይንሞንድ፣ በዴንሃግ አካባቢ በወንኔት ሃህላንደን ተመዝግቦ መቆየት ተገቢ ነው፤ ምዝገባው እንዳይቋረጥም ጠብቁት። ነገር ግን እርግዝና ወይም የቤት ጥበት ብቻውን በአብዛኛው የአስቸኳይ ቅድሚያ አያሰጥም። ስለዚህ ልጁ የሚወለደው አሁን ባላችሁበት ቤት እንደሆነ ቆጥራችሁ ተዘጋጁ።

ከአገር ቤት በቅርብ ለመጡ ደግሞ አንድ ነገር እንንገራቸው፤ በመጀመሪያ ሲያዩት ይደነግጣሉና። እዚህ አገር የማኅበራዊ ኪራይ ቤት ሲሰጥ ብዙውን ጊዜ ባዶ ነው። ባዶ ስንል የቤት ዕቃ የለውም ማለት ብቻ አይደለም፤ የወለል ምንጣፉ፣ መጋረጃው፣ አንዳንዴም የመብራት አምፖሉ ሳይቀር ተነቅሎ ሲሚንቶው ይጠብቃችኋል። የቀድሞው ተከራይ ወለሉን ወይም መጋረጃውን በትንሽ ዋጋ ልተውላችሁ ካለ፣ ልጅ ለሚጠብቅ ቤተሰብ ይህ የመጀመሪያው ጥሩ ያገለገለ ዕቃ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ግን የሻገተ ወይም ያበጠ ቦታ እንዳለው ምንጣፉን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ።

እንግዲህ ሌላ መሰናክል አለ። ብዙ ቤተሰቦቻችን ልጅ ሳይወለድ ዕቃ መግዛት አይወዱም። "ገና ሳይመጣ ምን ያስቸኩላል፣ ሟርት ይሆናል" ይላሉ እናቶቻችን። ፍርሃታቸው ከፍቅር የመጣ ነው፤ እነርሱን በመዝለፍ ጊዜ አናጥፋ። ነገር ግን ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጢየራን፣ ማለትም በገድ መጥፎ ነገር መጠርጠርን፣ ከልክለዋል። ሰበብ ማድረስ ደግሞ ከተወኩል ጋር አይጋጭም። በዚህ አገር አሠራር መዘግየቱ በተግባርም ያስቸግራል፤ አዋላጇ ሁሉም ነገር በ37ኛው ሳምንት ዝግጁ እንዲሆን ትጠብቃለች። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ልጁ በማንኛውም ቀን ቢመጣ በጊዜው እንደመጣ ይቆጠራልና።

ዝግጁ መሆን ሲባል በመጀመሪያ የሚመለከተው የሕፃኑን ዕቃ ሳይሆን የእናቱን አልጋ ነው። ኔዘርላንድ ውስጥ ከወሊድ በኋላ ክራምዞርግ የሚባል የቤት እንክብካቤ አለ። የሠለጠነች ባለሙያ ለ8 ቀን ያህል፣ በጠቅላላው ብዙ ጊዜ 49 ሰዓት ገደማ፣ ቤታችሁ እየመጣች እናቲቱንና ሕፃኑን ትከታተላለች፤ ጡት ማጥባትን ታግዛለች፣ ቢጫ መሆንን፣ ትኩሳትን፣ ክብደትን ታያለች። ወጪው በመሠረታዊ የጤና ኢንሹራንስ ይሸፈናል፤ ከእናንተ የሚጠበቀው በሰዓት ከ5 ዩሮ ትንሽ ከፍ ያለ ድርሻ ነው። ከዓመታዊው የራስ ወጪ አይቆረጥም። በአገራችን እናት፣ አክስትና ጎረቤት የሚሠሩትን ሥራ እዚህ ብቻዋን ለምትወልድ እህት የሚሠራላት ይህ ነው። ስለዚህ "እንግዳ ሰው ቤቴ አይገባም" ብላችሁ እንዳትተዉት። ባለሙያዎቹ እጥረት ስላለባቸው በእርግዝናው መጀመሪያ፣ ቢዘገይ ከ16ኛው ሳምንት በፊት ተመዝገቡ።

ይህች ባለሙያ ወገቧን እንዳይጎዳ አልጋው ከፍ ያለ መሆን አለበት፤ ከወለሉ እስከ ፍራሹ አናት 80 ሳንቲ ሜትር ያህል። ወለል ላይ ፍራሽ ዘርግተው የሚተኙ ወጣት ባልና ሚስት ይህን በመጨረሻው ሳምንት ሲሰሙ ይጨነቃሉ። አዲስ አልጋ መግዛት አያስፈልግም። የአልጋ ከፍ ማድረጊያ እግሮችን ከሕክምና መሣሪያ መደብሮች መዋስ ወይም መከራየት ይቻላል፤ ኢንሹራንሳችሁ ይሸፍን እንደሆነ ጠይቁ። የቀድሞ ሆላንዶች የቢራ ሳጥን ገልብጠው ከአልጋው ሥር ያስገቡ ነበር። የእኛ ሰው ሳጥኑን ከየት እንደሚያመጣው አናውቅም፤ ከፍ ማድረጊያውን መዋስ ይቀላል።

አሁን ወደ ያገለገለ ዕቃ እንግባ። ይሉኝታው ከየት እንደመጣ ያስገርማል፤ እኛ ያገለገለ ዕቃ የማናውቅ ሕዝብ አይደለንምና። በአዲስ አበባ ሰፈር ያደገ ሁሉ "ቆራሌው!" የሚለውን ጥሪ ያውቃል፤ አሮጌ ልብስና ጫማ በልዋጭ ተሰጥቶ የፕላስቲክ ሳፋ ወደ ቤት ሲገባ አይቷል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ገብቶ ያየ ሰው፣ የተጣለ ብረት ምድጃ፣ የተጣለ ቆርቆሮ ማንቆርቆሪያ ሲሆን ተመልክቷል። ሳልቫጅ የሚባለውን ልባሽ ልብስ መርጦ የለበሰ ተማሪም ጥቂት አይደለም። የታላቅ ልጅ ልብስ ለታናሽ መተላለፉንማ ማን ነውር አለው? የተለወጠው አገሩ ነው እንጂ ነገሩ ያው ነው።

እዚህ የምናለሽ ተራን ቦታ የያዙት ክሪንግሎፕ የሚባሉ የያገለገሉ ዕቃዎች መደብሮች ናቸው። በሦስቱም ከተሞች በየሰፈሩ አሉ፤ ብዙዎቹ ትልልቅ ዕቃ ቤት ድረስ ያደርሳሉ። የሕፃን ልብስ፣ ባለ መሳቢያ ቁምሳጥን፣ የመታጠቢያ ገንዳ፣ የሚያጠቡበት ምቹ ወንበር ከእነርሱ ዘንድ በአዲሱ ዋጋ ትንሽ ክፍል ይገኛል። ከሰው ለሰው ለሚሸጥ ደግሞ በ1999 የተጀመረው ማርክትፕላትስ አለ። በአምስተርዳም ሰሜን፣ ድሮ መርከብ ይሠራበት በነበረው በኤን-ዴ-ኤስ-ኤም ሰፈር፣ አይ-ሃለን የተባለ ግዙፍ የአሮጌ ዕቃ ገበያ በአንዳንድ ቅዳሜና እሁዶች ይቆማል፤ ለመግባት ትንሽ ይከፈላል፣ ከማዕከላዊ ጣቢያው ጀርባ የሚነሳው ጀልባ ግን ነፃ ነው። ከሁሉም የሚበልጠው የንጉሡ ቀን ነው፤ ኤፕሪል 27፣ እሁድ ከዋለ ደግሞ 26። በዚያ ቀን ማንም ሰው ያለ ፈቃድ መንገድ ላይ ዕቃውን ዘርግቶ ይሸጣል። በአምስተርዳም ፎንደልፓርክ ለልጆች የተተወ ስለሆነ ያደጉ ልጆች የራሳቸውን አሻንጉሊትና መጽሐፍ ይሸጡበታል። ማምሻው ላይ ሻጩ ዕቃውን መልሶ መሸከም ስለማይፈልግ ዋጋው ይወርዳል፤ እንዲያውም "ውሰዱት" ይባላል። በዓሉ ጫጫታና መጠጥ ይበዛበታል፤ ከሰዓት በኋላ ፀጥ ባሉት የመኖሪያ ሰፈሮች መዞር ለነፍሰ ጡርም ለዓይንም የተሻለ ነው።

አንዳንድ እህቶች "ሙስሊም ያልሆነ ሰው የለበሰው ልብስ ለሰላት ይሆናል ወይ?" ብለው ይጠይቃሉ። ዑለማዎች የሚነሱበት መርህ ነገሮች በመሠረታቸው ንጹሕ ናቸው የሚል ነው፤ ነጃሳ መኖሩ ካልታወቀ በጥርጣሬ ብቻ አይፈረድም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሻም ገና በሩሞች እጅ በነበረችበት ዘመን ከዚያ የመጣ ጠባብ እጅጌ ያለው ጁባ መልበሳቸው በቡኻሪ ተዘግቧል። ስለዚህ አጥባችሁ አልብሱ። ማጠቡ ለጤናውም ይበጃል፤ የጥጥ ልብስና አንሶላ በ60 ዲግሪ ማጠብ በቂ ነው።

ጥንቃቄ የሚሻው ሌላ ነው፦ ትኋን። ሶፋ፣ ስፌት ያለው ወንበርና የአልጋ ራስጌ ከመግዛታችሁ በፊት ስፌቱን በስልክ መብራት መርምሩ። ጥቋቁር ነጠብጣብ ካያችሁ ተዉት፣ በነፃም ቢሆን። መንገድ ላይ ለቆሻሻ መኪና ስለሚወጣ ዕቃም እንጨትና ብረት ካልሆነ አትንኩ እንላለን፤ በአንዳንድ ከተሞች ደንቡም አይፈቅድም። በነፃ የገባ ትኋን ለማስወጣት ብዙ መቶ ዩሮ ያስወጣል።

ከሰው እጅ መገዛት የሌለባቸው ጥቂት ዕቃዎች አሉ፤ ከላይ የተቆጠበው ገንዘብ እዚህ ላይ ይውላል። አንደኛው የመኪና የሕፃን መቀመጫ ነው። አንድ ጊዜ አደጋ ያየ መቀመጫ ከውጭ ምንም ሳይታይበት ውስጡ ሊሰነጠቅ ይችላል። ከወንድማችሁ ወይም ከቅርብ ሰው፣ አደጋ እንዳላየና ከመቼ ጀምሮ እንደተገዛ በአላህ ስም ከሚነግራችሁ ሰው ካልሆነ በስተቀር አዲስ ግዙ። መኪና ከሌላችሁ ደግሞ ጨርሶ አትግዙ፤ ከሆስፒታል ለመመለስ ለአንድ ቀን ከጓደኛ ተዋሱ። ሁለተኛው ፍራሽ ነው። አልጋው ያገለገለ ይሁን፣ ፍራሹ ግን አዲስ፣ ጠንከር ያለና ከአልጋው ልክ የሆነ ይሁን፤ በፍራሹና በአልጋው ጎን መካከል ክፍተት አይኑር።

አልጋውን ለመግዛት ስትሄዱ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ፌይሊኽሄይት-ኤንኤል የተባለው የአደጋ መከላከያ ድርጅት በአልጋው ዘንጎች መካከል ያለው ርቀት ከ4.5 እስከ 6.5 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን ይመክራል። ከዚያ ከሰፋ የሕፃኑ ሰውነት ሾልኮ ጭንቅላቱ ሊያዝ ይችላል፤ ከጠበበ ደግሞ እግሩ ይቀረቀራል። ቀለሙ የሚላጥ፣ ዘንጉ የሚነቃነቅ፣ ብሎኑ የጎደለ አልጋ ቢያምርም ይቅር። የልጁ አልጋ ውስጥ ትራስ፣ ወፍራም ብርድ ልብስና በጎኑ የሚታሰር ለስላሳ መከለያ አይግባ፤ እነዚህ በክሪንግሎፕ በሚያማምር ጥልፍ ተደርድረው ስለሚያጓጉ ነው የምናነሳቸው። ለክረምት እንኳ ሕፃኑ ለብሶት የሚተኛ የመኝታ ከረጢት ይበቃል፣ እርሱም ያገለገለ ቢሆን ችግር የለውም፤ የአንገቱና የክንዱ ቀዳዳ ለልጁ ሰፊ እንዳይሆን ብቻ እዩ። ልጁን ሁልጊዜ በጀርባው አስተኙት።

ክራምዞርግ ከሚጠይቋቸው ዕቃዎች አንዱ ሆላንዶች ክራይክ የሚሉት፣ ሙቅ ውሃ ተሞልቶ የሕፃኑን አልጋ የሚያሞቅ የብረት ጠርሙስ ነው። ይህ በክሪንግሎፕ በጥቂት ዩሮ ይገኛል፣ ብረቱም ዕድሜ ልክ ያገለግላል። የሚያረጀው ክዳኑ ውስጥ ያለው የላስቲክ ቀለበት ነው። ቀለበቱን አዲስ ቀይሩ፤ ውሃ ሞልታችሁ ገልብጣችሁ ጠብታ እንደሌለው አረጋግጡ፤ ጨርቅ ይልበስ፤ ከሕፃኑ ቢያንስ አንድ መዳፍ ያህል ይራቅ። አፈስሶ ሕፃን የሚያቃጥለው ይህ የሳንቲም ዕቃ ነው።

ጋሪ ለመግዛት ከመወሰናችሁ በፊት ደረጃችሁን ተመልከቱ። የአምስተርዳም አሮጌ ቤቶች ደረጃ እንደ መሰላል የቆመ ነው፤ ትልቅ ዕቃ በደረጃ ስለማይወጣ በሕንፃው አናት ባለው መንጠቆ በገመድ ተስቦ በመስኮት እንዲገባ የሚደረገው ለዚህ ነው። በዴንሃግ ስሂልደርስዋይክና ትራንስፋል፣ በሮተርዳም ደቡብ ብዙ ቤቶችም ሊፍት የላቸውም። 3ኛ ፎቅ ላይ የምትኖር አራስ 15 ኪሎ የሚመዝን ባለ ትልልቅ ጎማ ጋሪ ይዛ ልትወጣ አትችልም፣ ምድር ቤት ኮሪደር ላይ ማቆምም ለእሳት አደጋ መውጫ ስለሚዘጋ ብዙ ጊዜ ክልክል ነው። ቀለል ብሎ የሚታጠፍ ያገለገለ ጋሪ ይበቃል፤ ጀርባው ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ሕፃን የሚያስተኛ መሆኑንና ፍሬኑ መያዙን ሱቁ ውስጥ ሞክሩት። ለዕለት ተዕለት ደግሞ ከእናቶቻችን የወረስነው አዝሎ መሄድ አለ። ሆላንዳውያን እናቶች ዛሬ ብዙ ገንዘብ ከፍለው የሚገዙት የማዘያ ጨርቅ የአንቀልባችን ዘመድ ነው። ለአራስ ሕፃን ግን ከጀርባ ሳይሆን ከፊት፣ ፊቱ እየታየ፣ አገጩ ደረቱ ላይ ሳይታጠፍ ይታዘል። ክራምዞርጓን አስተማሪ አድርጓት፣ ታሳያችኋለች።

ስለ ገንዘቡ እንነጋገር፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው በጊዜ ስሌት ነው። "የልጅ ገንዘብ ሲመጣ እንከፍላለን" ብሎ በዱቤ መግዛት የተለመደ ነው። ኪንደርባይስላግ ግን የሚከፈለው በየ3 ወሩ፣ ሩብ ዓመቱ ካለቀ በኋላ ነው፤ መብቱም የሚቆጠረው በሩብ ዓመቱ የመጀመሪያ ቀን ልጁ ካለ ነው። ጃንዋሪ 3 የተወለደ ልጅ የመጀመሪያው መብቱ ከኤፕሪል 1 ይጀምራል፤ ገንዘቡ እጃችሁ የሚገባው ጁላይ መጀመሪያ ላይ ነው። ስድስት ወር ማለት ነው። በዚያ መካከል "አሁን ውሰድ፣ በኋላ ክፈል" የሚለው ውል ቀኑ ሲያልፍ ቅጣት ወይም ወለድ ይጨምራል። ወለድ ሐራም መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ የማናስተውለው "0 በመቶ" ተብሎ የተጻፈው ውል ከታች በትንሽ ፊደል የዘገየን ሰው ምን እንደሚያስከፍል ነው። እስኪ አንብቡት፣ ካልገባችሁ ለሚያነብ ስጡት።

ለዚህ መፍትሔው ከእኛው ዘንድ ያለ ነው፤ እቁብ። ወለድ የለበትም፣ ማንም አይለምንም። እቁብተኛ የሆነ ወንድም ሚስቱ በ5ኛው ወር ላይ ስትሆን ለዳኛው ነግሮ ተራውን በ8ኛው ወር ቢያስደርግ፣ ከአባላት የሚቃወም ሰው ማግኘት ይከብዳል። እቁብ የሌላችሁ ደግሞ ከመንግሥት የተፈቀደላችሁን ጠይቁ። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ማዘጋጃ ቤቱ ልዩ ድጋፍ ሊሰጥ ይችላል፤ ማመልከቻው ግን ዕቃው ከመገዛቱ በፊት መግባት አለበት፣ የሚሰጠውም አንዳንዴ በብድር መልክ ስለሆነ ወለድ እንዳለው አስቀድማችሁ አጣሩ። ስቲኽቲንግ ቤቢስፑለን የተባለው ድርጅት ለተቸገሩ ወላጆች የመጀመሪያ የሕፃን ዕቃ ጥቅል ያዘጋጃል። ወላጅ በቀጥታ አያመለክትም፤ አዋላጇ ወይም ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ናት የምትጠይቅላችሁ። ለአዋላጅ ችግርን መንገር እንደ ልመና አይቆጠርም፤ ሥራዋ ነው። በዴንሃግ የዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች የቅናሽ ካርድ ስሙ የሽመላ ካርድ ነው፤ ሽመላ የከተማዋ ምልክት ናት። ሆላንዶች ልጅ የምታመጣው እርሷ ናት እያሉ ለልጆቻቸው የሚተርኩ መሆናቸውን ስናስብ፣ ካርዱን ይዛ ለምትወልድ እህት ስሙ ገጥሟል።

ልጅ ቶሎ ያድጋል፤ የመጀመሪያው ልብስ በ2 ወር ውስጥ ይጠባል። ያኔ እናንተ ሰጪ ወይም ሻጭ ትሆናላችሁ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ገበያ ላይ እህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ከተው ከሥሩ እርጥበት ሲያገኙ፣ ሻጩ እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ማድረግ እንደነበረበት ነግረው ማታለልን አውግዘዋል። የጋሪው ፍሬን የሚያንሸራትት ከሆነ ፎቶው ላይ ባይታይም ጻፉት። የመኪና መቀመጫው አደጋ አይቶ ከሆነ አትሽጡት፣ ለማንም አትስጡት፤ ማሰሪያውን ቆርጣችሁ ጣሉት፣ ሌላ ሰው አንስቶ ለልጁ እንዳይጠቀምበት። ለእህት የምትሰጡትንም አጥባችሁ፣ ተኩሳችሁ፣ በመጠን ለይታችሁ ስጡ። የተቀደደና የቆሸሸ ከረጢት ሙሉ ማስረከብ የራስን ቤት ማጽዳት እንጂ ሰደቃ አይደለም።

ስለ ስም አንድ ቃል፦ ልደቱ በ3 ቀን ውስጥ በማዘጋጃ ቤት መመዝገብ አለበት፣ ስሙም ያኔ ይጠየቃል። ሰባተኛውን ቀን የምትጠብቁ ከሆነ ይህ ያጣብባችኋል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጃቸውን ኢብራሂምን በተወለደበት ሌሊት መሰየማቸው በሙስሊም ስለተዘገበ በዚህ ላይ ችግር የለም፤ ስሙን አስቀድማችሁ ተስማሙ። ዐቂቃው በሰባተኛው ቀን ይደረጋል፤ ለቻለ ሰው የተወደደ ሱና ነው፣ በዕዳ የሚደረግ አይደለም። በጉ ደግሞ በሕጋዊ ማረጃ በኩል በሐላል ሥጋ ነጋዴ እንጂ በረንዳ ላይ አይታረድም።

ከዚያ እንግዳ ይመጣል። በሁለት ክፍል ቤት 20 ሰው ጫማውን አውልቆ ሲቀመጥ ደስታውም አየሩም ይጨናነቃል። ጠያቂዎች በየተራ፣ ደውላችሁ ኑ፤ ጉንፋን የያዘው ሰው በስልክ ዱዓ ያድርግ። አሥረኛ ብርድ ልብስ ከማምጣት እናቲቱን "ምን ጎደለሽ?" ብሎ መጠየቅ ይሻላል፤ ብዙ ጊዜ የጎደላት የበሰለ ምግብና አንድ ሰዓት እንቅልፍ ነው። ቡናው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል ማቀጣጠል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል፤ ጋዙ ሽታም ቀለምም የለውም፣ አዋቂን ራስ ምታት ሲያስይዝ ሕፃንን ይገድላል። አሮጌ የጋዝ ውሃ ማሞቂያ ያለበት ቤትም አደጋው ያው ነው። ከጁላይ 1 ቀን 2022 ጀምሮ በእያንዳንዱ የመኖሪያ ቤት ፎቅ የጭስ ማስጠንቀቂያ መኖር ግዴታ ነው፤ የካርቦን ሞኖክሳይዱ ማስጠንቀቂያ ግን ሌላ መሣሪያ ስለሆነ ለብቻው ይገዛል፣ እርሱም ዕድሜው የሚያልቅ ነውና አዲሱን ግዙ። በአዲሶቹ ሕንፃዎች ጋዝ የለም፣ ያለው የኢንደክሽን ምድጃ ነው፤ የሸክላ ጀበና በእርሱ ላይ አይፈላም። ለዚህ ትንሽ ባለ አንድ ዓይን የኤሌክትሪክ ምድጃ ከክሪንግሎፕ ይገኛል። ገመዱ ያልተላጠ መሆኑን እዩና ሱቁ ውስጥ ሰክታችሁ ሞክሩት። ዕጣኑን ደግሞ ሕፃኑ ከሚተኛበት ክፍል ማዶ፣ መስኮት ከፍታችሁ አጢሱ፤ አርባው ቀን እስኪሞላ ጭራሽ ብትተዉትም ቡናው ቡና መሆኑ አይቀርም።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።